ለመጀመሪያ የኤልክ አደን የትኛው ጠመንጃ፣ የትኛው ጥይት፣ የትኛው ስኮፕ? (ኮሎራዶ)

አውሮራ_02 · ሰኔ 1

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ የሴት ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዘር) ፈቃድ እጣ ወጣልኝ። ሁለተኛው የጠመንጃ ወቅት ነው፤ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይጀምራል። የአዳኝነት ትምህርቱን ጨርሼ ካርዴን ይዣለሁ። የቀረኝ ጠመንጃው ነው።

ያደግኩት ጎጃም ነው። አባቴ ቤልጅግ ነበረው። ሲወለውለው ጨርቁን የማቀብለው እኔ ነበርኩ፤ ተኩሼበት ግን አላውቅም። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ጊዜ ተኩስ ሜዳ ወስዶኛል። ልምዴ ይኸው ነው።

በጀቴ ለጠመንጃ፣ ለጥይትና ለስኮፕ (ጠመንጃው ላይ ለሚገጠመው ማነጣጠሪያ መነጽር) በጠቅላላ 1500 ዶላር ነው። ሱቅ ስገባ ስለ ጥይቱ ዓይነት አንዱ 300 ዊን ማግ (ዊንቸስተር ማግነም) ይለኛል፣ ሌላው 6.5 ክሪድሞር ይለኛል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ያጣጥላል። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ሰው በ800 ያርድ ይተኩሳል። ግራ ገባኝ። ቁመቴ 1.68፣ ኪሎዬ 62 ነው። እንስሳዋን ማሠቃየት አልፈልግም። በአማርኛ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ብዬ ነው።

ጥቁር_አንበሳ_77 · ሰኔ 1

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ኤልክ ቀላል እንስሳ አይደለም። ወንዱ 700 ፓውንድ ይደርሳል፣ ሴቷም 500 ትደርሳለች። የትከሻ አጥንቷ ወፍራም ነው። 300 ዊንቸስተር ማግነም ግዛና ተገላገል። ከ1963 ጀምሮ ስንት ኤልክ የጣለ ጥይት ነው። ትንሽ ነገር ይዘህ ሄደህ ቆስላ ብታመልጥህ ዕድሜ ልክህን ይቆጭሃል።

ቀለህ_ሰብሳቢ · ሰኔ 2

አውሮራ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ማግነሙ ላይ ግን አልስማማም። ምክንያቱን ከራሴ ልንገርህ።

አደን የጀመርኩት በ2011 ነው። እንዳንተው ሱቅ ገባሁ፣ 300 ማግነም አሉኝ፣ ገዛሁ። ሁለት ካርቶን ተኩሼ ትከሻዬ ጠቆረ። ከዚያ ወዲህ ምላጩን ከመሳቤ በፊት ዓይኔ ይጨፈን ነበር። እኔ አላወቅኩትም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ 180 ያርድ ላይ የቆመች ኤልክ አገኘሁ። ተኮስኩ። ጥይቱ ወደ ኋላ ሄዶ ሆዷን መታት። እስኪመሽ ደሟን ተከተልኩ። በማግስቱም ተመለስኩ። ሌሊት በረዶ ጥሎ ፈለጉን ሸፍኖታል። አላገኘኋትም። ዛሬም በዚያ ሸለቆ ሳልፍ አስባታለሁ።

ጥይቱ ኃይል አላነሰውም። እኔ ነኝ ያልቻልኩት። ስለዚህ ጀማሪ ሲጠይቀኝ ከሁሉ በፊት የምለው፣ ዓይንህን ሳትጨፍን የምትተኩሰውን ጠመንጃ ያዝ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ኮሎራዶ ለኤልክ የምትጠይቀው ይህ ነው፦ የአፈሙዙ ስፋት ቢያንስ 6 ሚሊሜትር፣ አረሩ ቢያንስ 85 ግሬይን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው)፣ 100 ያርድ ላይ ሲደርስ ቢያንስ 1000 ፉት ፓውንድ ጉልበት። አረሩ ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚከፈት ዓይነት መሆን አለበት። በመዳብ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነው የጦር ጥይት አይፈቀድም፣ ምክንያቱም ሳይከፈት አልፎ ይሄዳል። እንስሳዋ ቆስላ ሩቅ ትሮጣለች፣ አንተም አታገኛትም።

6.5 ክሪድሞር በ143 ግሬይን አረር 100 ያርድ ላይ ከ2000 ፉት ፓውንድ በላይ ይዞ ነው የሚደርሰው። ሕጉ ከሚለው እጥፍ ነው። ርግጫው፣ ማለትም ሲተኮስ ትከሻህን የሚገፋው ምት፣ ደግሞ የ300 ማግነም ግማሽ ያህል ነው። 308 ዊንቸስተር (1952) እና 7ሚሜ-08 ሬሚንግተን (1980) ወንድማማቾች ናቸው። የ7ሚሜ-08 ቀለህ የ308 ቀለህ ነው፤ አንገቱ ጠቦ 7 ሚሊሜትር አረር ያዘ። ርግጫው ከ308 ይለዝባል፣ ኤልክ ላይ ግን አያንስም። ላንተ ሰውነት ከሁሉ በፊት የማየው 7ሚሜ-08 ነው።

30-06 ከፈለግክም አልቃወምም። ስሙ ራሱ 1906 ላይ መውጣቱን ይነግርሃል። ቃኘዎች ኮሪያ ላይ በያዙት ኤምዋን ጋራንድ የተኮሱት ይህንኑ ጥይት ነው። በየትኛውም የገጠር ሱቅ ታገኘዋለህ። የ1925ቱ 270ም እንደዚሁ። ከእነዚህ አምስቱ የትኛውንም ብትይዝ ኤልኳ ልዩነቱን አታውቀውም። ቦታው ላይ ካረፈ ትወድቃለች።

አውሮራ_02 · ሰኔ 2

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ታሪክዎን ሳነብ ልቤ ተነካ። አንድ ጥያቄ፦ ዓይኔን እየጨፈንኩ መሆኔን በምን አውቃለሁ? እርስዎም አላወቅኩም ነበር ብለዋል።

ቀለህ_ሰብሳቢ · ሰኔ 3

ጥሩ ጠየቅክ። ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት ከሱቅ ግዛ። ተኩስ ሜዳ ላይ ጓደኛህ አንተ ሳታይ ያጉርስልህ። አንዴ እውነተኛውን፣ አንዴ መለማመጃውን፣ እያቀያየረ። መለማመጃው ሲደርስህ ጠመንጃው አይተኩስም። ያኔ አፈሙዙ ወደ ታች ዘንበል ካለ፣ ሰውነትህ ምቱን ፈርቶ ቀድሞ እየገፋ ነው። ጓደኛህ ያየዋል፣ አንተም ታየዋለህ። እኔን ያዳነኝ ይህ ነው። 308 ገዝቼ አንድ በጋ ሙሉ በዚህ ሠራሁ።

ጆሮህን ደግሞ ደርበህ ሸፍን። ውስጥ የሚገባውንም ከላይ የሚደፋውንም። የጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፣ ጆሮን በአንድ ተኩስ ሊጎዳ ይችላል። ብዙ ሰው ርግጫ የሚመስለው ግማሹ ድምፁ ነው። አፈሙዙ ላይ ርግጫ የሚቀንስ ቀዳዳ ያለው ብረት የተገጠመለት ጠመንጃ ሲያሳዩህም ተጠንቀቅ። ትከሻህን ያሳርፋል፣ ድምፁን ግን ወደ ጎን ወደ ራስህ ይመልሰዋል። ጫካ ውስጥ ጆሮህን ሳትሸፍን አንዴ ብትተኩስ ይበቃል።

የኮሎምበሷ · ሰኔ 3

ሰላም ከኦሃዮ። ሴት አዳኝ ነኝ፣ እዚህ መድረክ ላይ ብዙ አይደለንም። ጋሼ ካሉት ላይ አንድ ልጨምር። ስለ ጥይት ብዙ ይወራል፣ ስለ ሰደፍ ርዝመት ግን ማንም አያወራም።

የመደበኛ ጠመንጃ ሰደፍ ከጀርባው እስከ ምላጩ 13.5 ወይም 14 ኢንች ነው። የተሠራው ከእኔም ካንተም ለሚረዝም ሰው ነው። እኔ 1.60 ነኝ። የመጀመሪያ ጠመንጃዬን ስይዝ አንገቴን አስግጌ ነበር ስኮፑን የማየው። ቢመታኝ ምን ይገርማል? አሁን 12.5 ኢንች ገደማ ሰደፍ ያለው አጭሩን ዓይነት ነው የያዝኩት። ብዙ ፋብሪካዎች አጭር ሰደፍ ያለው ይሠራሉ። የአንዳንዱ ደግሞ ሰደፍ በተነቃናቂ ቁራጭ ይረዝማል፣ ያጥራል።

ሱቅ ስትገባ እንዲህ አድርግ። ባዶ መሆኑን ሻጩም አንተም አይታችሁ አረጋግጡ። አፈሙዙ የሚያስፈራ አቅጣጫ ላይ እንዳይሆን ጠይቅና ዓይንህን ጨፍነህ ትከሻህ ላይ አስደግፈው። ከዚያ ዓይንህን ክፈት። በስኮፑ ውስጥ ሙሉውን ክብ ካየህ ልክህ ነው። ጥቁር ጥላ ካየህ ወይ ሰደፉ ወይ ስኮፑ አልገጠመህም። ጥቅምት ላይ ወፍራም ጃኬት እንደምትለብስ አስብና ጃኬትህን ይዘህ ሂድ።

የእኔ 350 ሌጀንድ ነው። ኦሃዮ ለአጋዘን የምትፈቅደው ቀለሁ ቀጥ ያለ ጥይት ነው፣ አንገቱ የሚጠበውን አይደለም። የማድነው የበቆሎ ማሳ ዳር፣ ከ100 ያርድ ወዲህ ነው። ለዚያ ተስማሚ ነው። ላንተ ተራራ ግን አልመክርህም።

ጥቁር_አንበሳ_77 · ሰኔ 3

ጋሼ፣ ታሪክዎን አከብራለሁ። እኔ ግን ማግነሜን ለ9 ዓመት በደንብ ተኩሼበታለሁ። 350 ያርድ ላይ የጎን ነፋስ ሲነሳ ልዩነቱ ይታያል። ሰፊ ሜዳ ላይ ለሚያድን፣ ለተለማመደ ሰው ቦታ አለው። ለጀማሪ ግን ያሉት ትክክል ነው። ስለ ቁመትና ኪሎው የጻፈውን ሳላነብ ነው የመለስኩት። ይቅርታ አውሮራ።

ስኮፕ_ብቻ · ሰኔ 5

ስለ መነጽሩ ማንም ስላልጻፈ ልጻፍ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

3-9×40 የሚባለውን ያዝ። 3 ማለት እንስሳዋን ሦስት ጊዜ አቅርቦ ያሳይሃል፣ 9 ማለት ዘጠኝ ጊዜ። 40 የፊተኛው መስታወት ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ከ300 ያርድ ወዲህ ለሚያድን ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልግም። 6-24 የሚለውን ሲያሳዩህ አትጓጓ። ከባድ ነው። ጥድ ውስጥ 40 ያርድ ላይ ኤልክ ብትነሳብህ በስድስት ማጉያ የምታየው ጸጉር ብቻ ነው። የቱ ጎኗ እንደሆነ እንኳን አታውቅም። ጫካ ውስጥ ስትሄድ ሁልጊዜ 3 ላይ አድርገው። ሩቅ ካየሃት ለማሳደግ ጊዜ አለህ፣ ቅርብ ካየሃት ለመቀነስ ጊዜ የለህም።

ገንዘብህን መስታወቱ ላይ አውጣ። ኮሎራዶ ውስጥ መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከገባች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። ኤልክ የምትንቀሳቀሰው በእነዚያ ሰዓቶች ነው። ርካሹ ስኮፕና ደህናው ስኮፕ ቀትር ላይ ሱቅ ውስጥ አንድ ይመስላሉ። ሊነጋጋ ሲል ግን አንዱ ግራጫ ጉም ያሳይሃል፣ አንዱ ቀንድ ይኑራት አይኑራት ያሳይሃል። ያንተ ፈቃድ ለሴት ብቻ ነው። ቀንዱን ማየት አለብህ።

ቀላል ስሌት ላሳይህ። የመስታወቱን ስፋት በማጉያው አካፍል። 40 ለ9 ሲካፈል 4.4 ይመጣል። ወደ ዓይንህ የሚመጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። በጭላንጭል የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ስለዚህ ሰፋ ያለ ብርሃን ይፈልጋል። ማጉያውን ወደ 6 ብትቀንሰው 6.7 ይሆናል፣ ምስሉም ይፈካል። ሲጨልምብህ ቁጥሩን ቀንስ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል።

ከዓይንህ እስከ ስኮፑ ያለው ክፍተት 3.5 ኢንች ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ካነሰ በርግጫ ጊዜ ጠርዙ ቅንድብህን ይፈነክተዋል። ይህን ጠባሳ የያዘ ሰው ተኩስ ሜዳ ላይ አይጠፋም።

የማስተካከያው ጉልላት አንድ ጠቅታ ሲል 100 ያርድ ላይ ሩብ ኢንች ያህል ያንቀሳቅሳል። አራት ጠቅታ አንድ ኢንች ነው። 200 ያርድ ላይ አንዱ ጠቅታ ግማሽ ኢንች ይሆናል። መጀመሪያ 25 ያርድ ላይ ተኩሰህ ወረቀቱን ምታ፣ ከዚያ ወደ 100 ሂድ። ሦስት ተኩስ፣ ከዚያ ማስተካከል። በእያንዳንዱ ተኩስ አታስተካክል፣ የራስህን ስህተት ስታባርር ትውላለህ።

ስኮፑን የያዙትን ብሎኖች ራስህ አጥብቅ። ከዓመታት በፊት አንድ ሱቅ ውስጥ አስገጥሜ በቀጥታ ወደ ተራራ ወጣሁ። አንድ ድንጋይ ላይ አስደግፌ ወንድ አጋዘን ላይ ተኮስኩ፣ ሳትኩ። ደግሜ ተኮስኩ፣ ሳትኩ። ስመለስ ሜዳ ላይ ብሞክረው 6 ኢንች ወደ ግራ ሸሽቷል፤ የፊተኛው ብሎን በጣት ይዞራል። አጋዘኑን አለመንካቴ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። አሁን በኢንች ፓውንድ የሚለካ መፍቻ አለኝ። ፋብሪካው በጻፈው ቁጥር ነው የማጠብቀው፤ ከዚያ በላይ ማጥበቅም ቱቦውን ይጨፈልቀዋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ይኼን ግን አጥብቄ ነው የምለው። በስኮፕ አካባቢን አትቃኝ። ስኮፑ ባለበት አፈሙዙም አለ። ዛፍ ሥር የሚንቀሳቀሰው ነገር ሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላል። ለመቃኘት 8×42 ወይም 10×42 ባይኖኩላር አንገትህ ላይ ይኑር። ከበጀትህ 200 ዶላር ለእሱ አስቀምጥ። ከስኮፑ በላይ የምታይበት እሱ ነው።

አዲስ_ገቢ · ሰኔ 6

ከርዕሱ ከወጣሁ ይቅርታ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል? ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ሰውስ?

ቀለህ_ሰብሳቢ · ሰኔ 6

ግሪን ካርድ ያለው ይችላል። ሱቁ ውስጥ 4473 የሚባለውን የፌዴራል ቅጽ ትሞላለህ፣ የኋላ ታሪክ ይጣራል። ኮሎራዶ ውስጥ ከ2023 ጥቅምት ወዲህ ቢያንስ 3 ቀን መጠበቅ አለብህ። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በፌዴራል ሕግ በመሠረቱ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይችልም። የጸና የአደን ፈቃድ ላለው የተለየ ነገር አለ። ይህ ስህተት የማይሠራበት ቦታ ነው። ሂደት ላይ ያለ ሰው ሱቅ ከመግባቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ይጠይቅ። «ጓደኛዬ ይግዛልኝ» የሚለውን ደግሞ በጭራሽ። ቅጹ ላይ ገዢው ለራሱ እንደሚገዛ ይፈርማል። ለሌላ ሰው ከገዛ ወንጀል ነው።

ሌላም አለ። ኮሎራዶ ውስጥ ማሪዋና በክልሉ ሕግ ተፈቅዷል፣ ቅጹ ግን ፌዴራል ነው። ተጠቃሚ የሆነ ሰው መግዛት እንደማይችል እዚያው ተጽፏል። ልጆቻችን ይህን አያውቁም፣ ንገሯቸው።

አብዱ_ዳላስ · ሰኔ 8

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ቴክሳስ ነኝ። ስለ አረሩ ዓይነት ልጠይቅ፣ ልምዴንም ልናገር።

እኔ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። የማድነውን ሥጋ የሚበሉት እነሱ ናቸው። እርሳስ ያለው አረር በፍጥነት አጥንት ሲመታ ይሰባበራል፣ ብናኙ ከቁስሉ ርቆ ይገባል። በዓይን አይታይም። ስለዚህ ከ4 ዓመት በፊት ሙሉ በሙሉ ወደ መዳብ አረር ዞርኩ። ካሊፎርኒያ እኮ ከጁላይ 2019 ጀምሮ ለማንኛውም አደን እርሳስ ከልክላለች። ሌላ ቦታ በፈቃድህ ነው።

መዳቡ አይሰባበርም፣ እንደ አበባ ይከፈትና ክብደቱን ይዞ ያልፋል። ሁለት ነገር ግን እወቅ። አንደኛ፣ ዋጋው ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከለመድከው ትንሽ ቀለል ያለውን ምረጥ። ለ7ሚሜ-08 ከ120 እስከ 140 ግሬይን ያለው ጥሩ ነው። ጠመንጃ ሁሉ የየራሱ ጠባይ ስላለው ሁለት ሦስት ዓይነት ሞክርና የወደደውን ያዝ።

ሐላልን በተመለከተ ኢማማችንን ጠይቄ ነው የጀመርኩት። ምላጩን ስስብ ቢስሚላህ እላለሁ። በሕይወት ከደረስኩባት አርዳለሁ።

ቀለህ_ሰብሳቢ · ሰኔ 8

ወዐለይኩም ሰላም አብዱ። ያልከው ልክ ነው፣ እኔም ለኤልክ መዳብ ነው የምተኩሰው። መዳብ የማይገዛ ሰው ቢያንስ እርሳሱ ከመዳቡ ሽፋን ጋር የተጣበቀውን ይግዛ። ወይም ከ1948 ጀምሮ የሚሸጠውን ኖዝለር ፓርቲሽን። እሱ መሐሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ አለው፤ ፊቱ ሲከፈት ኋላው ሳይፈርስ ይዘልቃል። ከቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ደግሞ አትሳሱ፣ ቆርጣችሁ ጣሉ።

ደብረ_ዘይት · ሰኔ 9

የእኔ ጥያቄ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በጥይት የሞተ በክት አይደለም ወይ? እናቴ ስልክ ላይ ይህን ጠይቃኝ መልስ አጣሁ።

ቀለህ_ሰብሳቢ · ሰኔ 9

የንስሐ አባትህን ጠይቅ፣ እኔ መልስ የመስጠት ሥልጣን የለኝም። ዋላና ሚዳቋ ኦሪት ዘዳግም 14 ላይ ከሚበሉት ተቆጥረዋል። ሰኮናቸው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኩ ናቸው፤ አጋዘንና ኤልክም እንዲሁ ናቸው። በሀገር ቤት ያየሁት፣ አዳኞች ነፍሷ ሳትወጣ ደርሰው በስመ ሥላሴ ብለው ያርዳሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። የወደቀች ኤልክ ጋ ቢላ ይዞ መሮጥ አደገኛ ነው። በአንድ ርግጫ እግር ትሰብራለች። ከጀርባዋ ቅረብ። ጠመንጃህ ዝግጁ ይሁን። በረዥም እንጨት ዓይኗን ንካ። ካርገበገበች አልሞተችም ማለት ነው፣ ወደ ኋላ ተመለስና ጨርስላት።

አውሮራ_02 · ነሐሴ 20

ሰላም። ገዛሁ፣ ሞከርኩ፣ ልንገራችሁ።

7ሚሜ-08 ነው፣ ቦልት አክሽን (ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ ተስቦ የሚጎርስ)፣ አጭር ሰደፍ ያለው ሩገር አሜሪካን። የእህታችንን የዓይን መጨፈን ሙከራ በአምስት ጠመንጃ ላይ ሠራሁት። አራቱ አንገቴን አሰገጉኝ። ይህኛው ብቻ ልክ መጣ። ዋጋው ወደ 550 ዶላር ነበር። ስኮፕ 3-9×40 በ300 ገዛሁ፣ ብሎኖቹን በመለኪያ መፍቻ ራሴ አጠበቅኩ። ባይኖኩላር 200። የቀረው ሁሉ ጥይት ላይ ገባ።

ሦስት ዓይነት ጥይት ሞከርኩ። 140 ግሬይኑን የመዳብ ጥይት ወደደው፤ 100 ያርድ ላይ ሦስቱ ተኩስ ከአንድ ኢንች ትንሽ ነው የሚሰፋው። የመለማመጃ ጥይቱንም ባልደረባዬ ደባለቀልኝ። ጋሼ፣ እውነት ነው፤ አፈሙዜ ዘንበል አለ። ስድስት ቅዳሜ ሠራሁበት። አሁን አይነቃነቅም።

አሁን ምን ይቀረኛል?

ቀለህ_ሰብሳቢ · ነሐሴ 21

በርታ ልጄ። አሁን ከጠረጴዛው ተነሣ። ተራራ ላይ ጠረጴዛ የለም። ተቀምጠህ ክርንህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ፣ ተንበርክከህ፣ በመደገፊያ ዘንግ፣ ቦርሳህ ላይ ተኝተህ ተኩስ። ትንሽ ሩጥና ልብህ እየመታ ተኩስ። 9000 ጫማ ላይ እንደዚያ ነው የምትሆነው።

ስኮፑን 200 ያርድ ላይ አስተካክል። ያኔ ጥይትህ 100 ላይ 2 ኢንች ገደማ ከፍ ይላል፣ 300 ላይ ደግሞ 7 ወይም 8 ኢንች ይወርዳል። እስከ 230 ድረስ ምንም ሳታሰላ ደረቷ መሐል ታነጣጥራለህ። ተራራው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የባሰ ትንሽ ይወርዳል እንጂ አይበልጥም፤ በዚህ ርቀት አታስበው።

ከዚያ የምግብ ወረቀት ሳህን ግዛ፣ 8 ኢንች የሆነውን። ተቀምጠህ አምስት ተኩስ። አምስቱም ሳህኑ ላይ ካረፉ ያ ርቀት ያንተ ነው። አንዱ እንኳን ከወጣ ያንተ አይደለም።

ስኮፕ_ብቻ · ነሐሴ 21

ጋሼ «የባሰ ትንሽ ይወርዳል» ሲሉ እንዳይምታታ፦ አየር ሲሳሳ ጥይቱ የሚወርደው ከሜዳው ባነሰ ነው።

ቀለህ_ሰብሳቢ · ነሐሴ 21

ልክ ነህ፣ አገላለጼ አወዛጋቢ ነበር። አመሰግናለሁ።

አውሮራ_02 · መስከረም 12

የሳህኑ ውጤት፦ 100 ያርድ ላይ 5 ከ5። 200 ላይ 5 ከ5። 250 ላይ 4 ከ5። 300 ላይ 2 ከ5።

200 ነኝ። ሰደፉ ላይ በቴፕ ለጥፌ ጽፌዋለሁ።

የኮሎምበሷ · መስከረም 12

እንዲህ ነው አዳኝ። ብርቱካናማ ልብስህን አትርሳ፣ ባርኔጣውንም።

አውሮራ_02 · ኅዳር 10

ጾሙ ሊገባ 5 ቀን ሲቀረው መልስ ይዤ መጣሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሊነጋ ሲል ከሸለቆው ማዶ 11 ኤልክ አየሁ። የርቀት መለኪያው 310 አለኝ። ትልቋ ሴት ጎኗን ሰጥታኝ ቆማለች። ነፋስ የለም። ቦርሳዬ ላይ ተኝቻለሁ። ባልደረባዬ «ትችላለህ» አለኝ። ቴፑን አየሁት። አልተኮስኩም። ሲሄዱ ቁጭ ብዬ አየኋቸው።

ሁለተኛው ቀን ምንም የለም፣ ቀኑን ሙሉ በረዶ ጣለ።

በሦስተኛው ቀን ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አራት ሴቶች ከጥዱ ወጡ። 165 ያርድ። ስኮፑን ከ9 ወደ 6 መለስኩት፣ ምስሉ ፈካ። ከኋላዋ ሌላ እንዳትኖር ጠበቅኩ። ተቀምጬ፣ ክርኔ ጉልበቴ ላይ፣ ከፊት እግሯ ትንሽ ወደ ኋላ። ርግጫው አልተሰማኝም። 40 እርምጃ ያህል ሄዳ ወደቀች። ስንደርስ ነፍሷ ወጥቷል። እጄን ጭንቅላቷ ላይ አድርጌ ጸለይኩ። ብዙ አለቀስኩ፣ ምክንያቱን አላውቅም። አባቴ ትዝ አለኝ።

ሥጋውን በአራት ጉዞ አወረድነው። የጾታዋ ምልክት ከሥጋው ሳይለይ ይቆይ የሚለውን ሕግ ባልደረባዬ ነው ያስታወሰኝ። ጭንቅላቷን ለምርመራ ሰጠሁ። አጋዘንና ኤልክን የሚያመነምነው በሽታ መጀመሪያ የታየው እዚሁ ኮሎራዶ በ1967 ነው፤ ሳይመረመር ልጆቼን ማብላት አልፈለግኩም። ባለፈው ሳምንት ነጻ ናት የሚል መልስ መጣ።

ጥቁር_አንበሳ_77 · ኅዳር 10

310 ላይ አለመተኮስህን ሳነብ ቆሜ አጨበጨብኩ። እኔ ብሆን እንጃ።

ቀለህ_ሰብሳቢ · ኅዳር 10

እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ፣ አኮራኸኝ። አረሩን አገኛችሁት?

አውሮራ_02 · ኅዳር 10

አላገኘነውም ጋሼ፣ በወዲያኛው ጎን ወጥቷል። የተበላሸው ሥጋ አንድ ጭብጥ ያህል ነው። የንስሐ አባቴንም አስቀድሜ አነጋግሬያቸው ነበር፤ እኔና እሳቸው ተግባብተናል።

ደብረ_ዘይት · ኅዳር 11

እንኳን ደስ ያለህ። ሥጋውን ምን አደረግከው?

አውሮራ_02 · ኅዳር 11

ግማሹ ፍሪዘር ውስጥ ገናን ይጠብቃል። ከታፋው 20 ፓውንድ ያህል ዘልዝዬ በጨውና በበርበሬ አሸሁት፣ ምድር ቤት ገመድ ላይ ሰቅዬ ቬንቲሌተር አበራሁበት። ስብ ስለሌለው ቶሎ ነው የሚደርቀው። የዴንቨር አየር ደግሞ ደረቅ ነው፣ በአራተኛው ቀን ቋንጣው ሲነካ ይንኳኳል። ለባልደረባዬ አንድ ከረጢት ሰጠሁት፣ በማግስቱ ሌላ ጠየቀኝ።

የኮሎምበሷ · ኅዳር 11

ስትዘለዝል ከአጥንቱ ጀምረህ ነው ወይስ ቀድመህ አውጥተህ? የእኔ አጋዘን ሁልጊዜ ይቆራረጥብኛል።

አውሮራ_02 · ኅዳር 11

ቀድሜ አውጥቼ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆይቼው ትንሽ ሲጠነክር፣ በሙዳው ርዝመት፣ በስለታም ቢላ። ቪዲዮ ቀርጬ ነገ እለጥፍልሻለሁ።